ተባይ፦ ዜሮ

ግድግዳው በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቁጥሮቹን ያነባል። ድምፁ የሴት ነው፤ ከማንም ጋር ተጣልታ የማታውቅ ሴት ድምፅ።

«ነዋሪ፦ ሁለት። ሙቀት፦ ሃያ ሦስት። ውኃ፦ በቂ። ተባይ፦ ዜሮ።»

ንጋቷ ቁጥሮቹን የምትሰማው የልጇን ፍራሽ ስፌት በጥፍሯ እየፈተሸች ነው። በመጋቢት መጨረሻ አንድ ጠዋት አራት ትኋን አገኘች። ሦስቱን በአውራ ጣቶቿ ጥፍር መካከል ጨፈለቀቻቸው። አራተኛውን ብርጭቆ ውስጥ ከታ ወደ ግድግዳው ሄደች። ግድግዳው የሚሉት እውነተኛውን ግድግዳ ሳይሆን ከበሩ አጠገብ የተለጠፈውን፣ የሰፌድ ስፋት ያለውን ነጭ ሰሌዳ ነው፤ በከተማው ውስጥ እሱ የሌለበት ኪራይ ቤት የለም። ብርጭቆውን ፊት ለፊቱ ያዘችለት።

«የክፍሉ ሁኔታ ጤናማ ነው» አለ ግድግዳው።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ብርጭቆ» አለ ግድግዳው።

ልጇ ማራኪ ሰባት ዓመቷ ነው። ከቁርስ በፊት እጅጌዋን ትሰበስባለች፣ እናቷ ትቆጥራለች። እንደ ፊት መታጠብ ያለ የጠዋት ሥራቸው ነው። «ስምንት» ትላለች ንጋቷ። «ዘጠኝ፤ አንገቴ ላይም አለ» ትላለች ማራኪ፣ ከእናቷ ቀድማ ያወቀችው ነገር በመኖሩ ኮራ ብላ። ከዚያ ቅባት፣ ከዚያ ረጅም እጅጌ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት።

የትምህርት ቤቱ በር በእጅጌ አይታለልም። ልጆቹን አንድ በአንድ ሲያሳልፍ ይመዝናቸዋል፣ ሙቀታቸውን ይለካል፣ ቆዳቸውን ያያል። በመጋቢት ወር ብቻ ማራኪ ላይ አንድ መቶ ሰባት ቁስል መዘገበ። ቁስሉ ከምን እንደመጣ ለማወቅም የቤቷን ግድግዳ ጠየቀ። ግድግዳው ቤቱ ውስጥ ተባይ እንደሌለና ነዋሪዎቹ ሁለት እንደሆኑ መለሰ። አንደኛዋ ነዋሪ ልጅቷ ናት። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «ምክንያት» በሚለው ሥር የሰፈረው መልስ «ሁለተኛ ነዋሪ» የሚል ነበር።

ደብዳቤው የመጣው በሚያዝያ ነው። ቁስሉ እስከ ግንቦት ሠላሳ ካልቆመ ወይም ሌላ ምክንያት ካልተገኘ፣ ማራኪ ወደ ሕፃናት ማቆያ ትዛወራለች። እናት በወር ሁለት ጊዜ ልትጠይቃት ትችላለች። ደብዳቤው ትሕትና የተሞላ ነበር፤ ስለ ትብብሯም አስቀድሞ ያመሰግናታል።

ንጋቷ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ አጠፈችው። አላለቀሰችም። በክር ፋብሪካው ውስጥ አሥራ አንድ ማሽን የምትቆጣጠር ሴት ናት፤ አንዱ ሲቆም ማልቀስ ሌላውን እንደማያስነሳ ታውቃለች።

ደሴና ኮምቦልቻ ተጋጥመው ቦርከና የሚባል አንድ ከተማ ከሆኑ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። አሁን፣ በ2079 ዓ.ም.፣ ከቦርከና ነዋሪ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ተከራይ ነው። እነ ንጋቷ የሚኖሩበት ሕንፃ ከፍታ ስድስት ይባላል፤ አሥራ አንድ ፎቅ፣ ሃምሳ አምስት ቤት፣ አከራዩ ከፍታ ቤቶች የሚባል ኩባንያ። «አከራይ ቤቱን ከተባይ ነጻ አድርጎ ይይዛል» ይላል የጤናማ መኖሪያ አዋጅ። አዋጁ ከወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም አከራይ በእሱ ተጠይቆ አያውቅም፤ ምክንያቱም ተባይ ተገኝቶ አያውቅም። ተባይ መኖር አለመኖሩን የሚናገረው ግድግዳው ነው። ግድግዳው ደግሞ የአከራዩ ነው።

የከፍታ ስድስት ተከራዮች አዲስ ሕግ አልጠየቁም። ያለው ይከበርልን ብለው ለከተማው ምክር ቤት አራት ዓመት ሙሉ አመለከቱ። ማመልከቻውን የምትጽፈው ንጋቷ ነበረች። አሥር ጊዜ «ግድግዳው ተባይ አልመዘገበም» የሚል መልስ መጣ። በአሥራ አንደኛው ጊዜ፣ የማራኪ ደብዳቤ በደረሰ በሳምንቱ፣ አንድ ሰው አሮጌውን ደንብ አገላብጦ ማንም ለመሻር ያላስታወሰውን አንቀጽ አገኘ። ሦስት የምክር ቤት አባላት መጥተው በገዛ ዓይናቸው ማየት ይችላሉ። ያለ መሣሪያ፣ ለአንድ ሰዓት። ያዩት ነገር ከግድግዳው ቃል ይበልጣል። ካላዩ ግን ማመልከቻው ይዘጋል፤ እንደገና የሚከፈተው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ቀኑ ግንቦት አሥራ አራት ሆነ። ንጋቷ ይህንን ቀንና ግንቦት ሠላሳን ጎን ለጎን ጻፈቻቸው። ከዚያ ወዲህ በዓመቱ ውስጥ ሌላ ቀን መኖሩን ረሳች።

ተከራዮቹን ምድር ቤት ሰበሰበች።

«እስከ ግንቦት አሥራ አራት ማንም የፈላ ውኃ አያፈስም» አለች። «ፍራሽ ፀሐይ ላይ አይወጣም። መድኃኒት አይረጭም። እንዳሉ እንዲያዩአቸው ነው የምንፈልገው።»

«ሦስት ሳምንት!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። «እስከዚያማ ጨርሰው ይበሉናል።»

«ይብሉን። የተረፈውን ለምክር ቤት እናሳያለን።»

«እኔ ቤት አሁንም በቁጥር በልጠውኛል» አሉ አያ ማክቤል። ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው፤ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የኮሚቴው ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። «ምርጫ ቢደረግ ተመርጠው ቁልፉን ይቀበሉኛል።»

ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም እጁን አወጣ። ንጋቷ ቆጠረች፤ ሃምሳ አራት ቤት።

ሃምሳ አምስተኛዋ እማማ ኢክራም ናቸው። አሥራ አንደኛ ፎቅ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የበራቸው እጀታ እንኳ ያብረቀርቃል። ንጋቷ ለፊርማ ሦስት ጊዜ ወደ እሳቸው ወጥታለች፤ የመጨረሻው ጊዜ እንዲህ ነበር።

«እማማ ኢክራም፣ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።»

«ምን አለኝና ልፈርም?»

«ሁሉም ቤት አለ።»

«እኔ ቤት የለም፣ የኔ እናት። ደህና ዋይ።»

በሩ ተዘጋ። ንጋቷ ደረጃውን ስትወርድ በሩን አልፎ እንዲሰማ አድርጋ «አስመሳይ!» አለች።

በግንቦት አሥራ አራት ጠዋት ማራኪን ትምህርት ቤት አድርሳ ተመለሰች። ከመግቢያው እንዳለፈች የበረኪና ሽታ አፍንጫዋን መታው። ደረጃው እርጥብ ነበር። አንደኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ተንበርክካ ወለል ትፈትጋለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የአልጋ ብረቶች ተፈታትተው፣ ታጥበው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ንጋቷ ወደ ጣሪያው ሮጠች። ጣሪያው ላይ ፍራሽ በፍራሽ ሆኖ እግር ማሳረፊያ አልነበረም፤ አርባ ያህል ፍራሽ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ተንጋሏል። በመካከላቸው አያ ማክቤል የራሳቸውን በዱላ ይደበድባሉ።

«አያ ማክቤል!»

ዱላውን ወደ ኋላቸው ደበቁ።

«ምን ተባብለን ነበር?»

«ትንሽ ባራግፈው ብዬ ነው።»

«ትንሽ?»

«ልጄ፣ ሰው ሊመጣ ነው እኮ! የምክር ቤት አባል የኔን አልጋ ሊገልጥ! ደግሞ ሃምሳ ሦስት ቤት ይተዋል ብዬ ነው። ሃምሳ ሦስቱ አይበቃቸውም?»

«እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት» አለች ልብስ የምታሰጣ አንዲት ሴት፣ ቀስ ብላ። «የሌላው ይታያል፤ የኔን ቤት ግን…»

«እኔም» አለ ሌላ ሰው ከማዶ።

ንጋቷ ጭንቅላቷን ያዘች። አራት ዓመት። ሦስት ሳምንት። ሃምሳ አራት ቤት ተስማምቶ እጁን አውጥቶ፣ ሃምሳ አራቱም ሌላውን ተማምኖ አጸዳ።

«አንቺስ?» አሏት አያ ማክቤል።

የአንዱን ፍራሽ ጠርዝ ታቃና ጀመር።

«ንጋቷ፣ አንቺስ?»

ትናንት ከሰዓት ከሥራ ስትመለስ ማንቆርቆሪያ ጥዳ ነበር። የማራኪን አልጋ መጋጠሚያ ብቻ ነው ያለችው፤ ልጅ የምትተኛበት ነውና ሲገለጥ እንዳያሳፍራት። ከዚያ ውኃው ተረፈ፣ የራሷንም አልጋ ነካችበት። ከዚያ እንደገና ጣደች።

«ሦስት ማንቆርቆሪያ» አለች።

ማንም አልሳቀባትም።

አባላቱ አራት ሰዓት ሲሆን መጡ። ሰብሳቢያቸው ወይዘሮ ብሌን ነበሩ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ በአንድ እጃቸው የእጅ ባትሪ፣ በሌላው የወረቀት ደብተር የያዙ። አብሯቸው ከከፍታ ቤቶች የተላከው ወኪል ይበልጣል መጣ። ጫማው አዲስ ነው፤ እርጥቡ ደረጃ ላይ ተጠንቅቆ ይረግጣል።

የጉብኝቱ አርባ አምስት ደቂቃ እንዲህ አለፈ። በር ይከፈታል። ንጹሕ አንሶላ፣ የሚያበራ ወለል፣ ጠረጴዛ ላይ ዳቦና ሻይ። ወይዘሮ ብሌን ተንበርክከው አልጋ ሥር ያበራሉ፤ ስፌት ይገልጣሉ፤ የወንበር መጋጠሚያ ያያሉ። ምንም የለም። የቤቱ ባለቤት «ብሉልን እንጂ» ይላል። ሁለቱ ወጣት አባላት ይበላሉ። አምስተኛ ፎቅ ላይ ወይዘሮ ብሌን ቀና ብለው «እንዲህ የተያዘ ቤት በከተማችን ብዙ አላየሁም» አሉ። የቤቱ እመቤት ፊቷ በራ። ወዲያው ትዝ ሲላት አንገቷን ደፋች።

ንጋቷ ክንዷን ገልጣ አሳየች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ወይዘሮ ብሌን። «ደንቡ ቤት እዩ ነው የሚለው። ሰውነት አይልም።»

«ፎቶ አለኝ። የአራት ዓመት ፎቶ።»

«በገዛ ዓይናችን ነው የሚለው፣ እህቴ።»

ሰባተኛ ፎቅ ላይ የንጋቷ ቤት ታየ። ሦስት ማንቆርቆሪያ ሥራውን ሠርቷል፤ ምንም አልተገኘም። አባላቱ ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ደረጃው ከላይ እስከ ታች በተከራይ ተሞልቶ ነበር። የቀረው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ አንድ ነገር እንዲመዘገብ እፈልጋለሁ» አለ ይበልጣል። ድምፁ ክፋት አልነበረበትም፤ ከወረቀት ላይ እንደሚያነብ ሰው ነበር። «በዚህ ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ በየቀኑ ትቆስላለች። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ይመሰክራል። ተባይ እንደሌለ ደግሞ እናንተም አሁን አይታችኋል። ታዲያ ልጅቱን የሚነክሳት ማን ነው?»

ሰው ሁሉ እግሩን ተመለከተ። ንጋቷ መልሱን ታውቃለች፤ ግን ራሷ አፍልታ ገድላዋለች።

«ነካሹን ነው የምትፈልገው?» የሚል ድምፅ ከደረጃው በላይ በኩል መጣ። «እኔ ቤት ነው ያለው።»

እማማ ኢክራም ሰዉን በክርናቸው እየከፈሉ ወረዱ። ሻርፓቸውን አጥብቀው አስረዋል።

«እማማ፣ ስምዎ ማመልከቻው ላይ የለም» አለ ይበልጣል። «ጉብኝቱ ደግሞ የአመልካቾችን ቤት ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ብሌን ወደ እሱ ሳይዞሩ «ብዕር ስጧቸው» አሉ።

አያ ማክቤል ጎንበስ አሉና ጀርባቸውን ጠረጴዛ አደረጉላቸው። እማማ ኢክራም ማመልከቻውን ጀርባቸው ላይ ዘርግተው ስማቸውን እስከ አያት ጻፉ፤ ኢክራም ሰይድ ይማም።

«ቀስ፣ ኢክራም! ኩላሊቴን ወጋሽኝ» አሉ አያ ማክቤል።

«ዝም ብለህ ቁም። ጠረጴዛ አይናገርም።»

ከንጋቷ ኋላ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። «ምን ነካቸው? እሁድ እኮ ለልጅ ልጃቸው ሽማግሌ ይመጣል፣ ከሐይቅ!» «ወላሂ?» «ቤቱ እንዲህ ነው ሲባል ሰምተው ማን ይመጣል ከእንግዲህ?»

ንጋቷ ይህን ያን ጊዜ ነው የሰማችው።

አሥራ አንደኛ ፎቅ ወጡ። ቤቱ ከታዩት ሁሉ ይበልጥ የጸዳ ነበር። እማማ ኢክራም በራቸው ላይ ቆመው፣ ወደ አባላቱ ሳይሆን ደረጃው ላይ ወደ ተከማቹት ጎረቤቶች ዞሩ።

«እኔ ቤት ትኋን አለ» አሉ። «አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።»

በሕንፃው ውስጥ ይህንን ቃል በራሱ በር ላይ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም። ማመልከቻው ላይ እንኳ የተጻፈው «ተባይ» ተብሎ ነው።

ከዚያ ቢላ አንሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ።

«እማማ፣ ሰሌዳውን መክፈት ውል ማፍረስ ነው» አለ ይበልጣል ፈጠን ብሎ። «ዛሬውኑ ከቤት ያስወጣዎታል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ…»

«ሰምቻለሁ አልኩህ እኮ፣ የኔ ልጅ። እስቲ ዞር በልልኝ።»

የቢላውን ጀርባ ከሰሌዳው ጠርዝ ሥር አስገቡ። «እባክዎ ይራቁ» አለ ግድግዳው። «እባክዎ ይራቁ።» ሰሌዳው ተንቋቋና ከላይ በኩል ተከፈተ። ሙቀት ወጣ፤ የሆነ የቆየ ጣፋጭ ሽታም አብሮት ወጣ። ወይዘሮ ብሌን ባትሪያቸውን አበሩ።

መጀመሪያ ተልባ የተደፋበት መሰለ። ከዚያ ተልባው ተንቀሳቀሰ።

አንደኛው ወጣት አባል የያዘውን ዳቦ ጣለ። ትኋኖቹ ብርሃኑን ሸሽተው እላይ በላይ ተደራረቡ፤ ጥቂቶቹ ወደ ጸዳው ወለል ወረዱ።

«ነዋሪ፦ ሁለት። የክፍሉ ሁኔታ ጤናማ ነው» አለ ግድግዳው፣ ሆዱ ተከፍቶ።

ወይዘሮ ብሌን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ቀረቡ። ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ» ብለው ደብተሩ ላይ ጻፉ፤ ሰዓቱንም ጻፉ።

«ሙቀት ይወዳሉ» አሉ እማማ ኢክራም። «በዚህ ሕንፃ ቀንም ሌትም የሚሞቅ ነገር እሱ ብቻ ነው። ስናጸዳ እዚያ ይገባሉ፤ ስንተኛ ይወጣሉ። እኔ በየጠዋቱ ጠርዙን ስጠርግ ነው የኖርኩት። ግድግዳው ክፍሉን እንደሆነ ያያል፤ የራሱን ሆድ ግን አያይም።»

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለምን አልተናገሩም?» አሉ ወይዘሮ ብሌን።

«አፍሬ ነዋ!» አሉ እማማ ኢክራም፤ ይህም ጥያቄ ሆኖ መጠየቁ ገርሟቸው።

በቀረው ዘጠኝ ደቂቃ ወይዘሮ ብሌን አራት ሰሌዳ አስከፈቱ። አንደኛው የንጋቷ ነበር። የራሷ ግድግዳ ሆድ ውስጥ፣ ልጇን ሲበሉ የከረሙትን አየቻቸው። ጠግበው ነበር። በሕይወቷ ትኋን በማየቷ ስታመሰግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

በማግስቱ ማራኪ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። በሩ እንደ ልማዱ ግድግዳውን ጠየቀ። ግድግዳው ተነቅሏልና መልስ አልመጣም። በሩ ምክር ቤቱን ጠየቀ። ንጋቷ ከአጥሩ ውጭ ስክሪኑን እያየች ትጠብቃለች። «ምክንያት» በሚለው ሥር «ሁለተኛ ነዋሪ» የሚለው ጠፋ፤ ቦታው ለጥቂት ጊዜ ባዶ ሆነ፤ ከዚያ «ትኋን» የሚል ተጻፈበት። ከሥሩ «የዝውውር ትእዛዝ፦ ተሰርዟል» ይላል። ማራኪ ሳትዞር ገባች፤ ጓደኞቿ ይጠብቋት ነበር። ንጋቷ ስድስት ደቂቃ ሥራ አረፈደች፤ እዚያው አጥሩን ይዛ ስለቆመች ነው።

ዓርብ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። አዲስ አዋጅ አልወጣም፤ የነበረው እንዲሠራ ተወሰነ። ከፍታ ቤቶች በአሥር ቀን ውስጥ ሕንፃውን ከተባይ ያጸዳል፤ ሌሎች አከራዮችም ሰሌዳዎቻቸውን ከፍተው ያሳያሉ፤ የግድግዳ ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ ለማሳየት ሰሌዳ የከፈተ ሰው ውል አላፈረሰም። ይበልጣል ውሳኔውን ይዞ መጥቶ ምድር ቤት በእጁ ለጠፈው። ከለጠፈ በኋላ ጥቂት ቆመና «የኔም ቤት የሌላ ኩባንያ ኪራይ ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ቅዳሜ ጠዋት ንጋቷ ወደ አሥራ አንደኛ ፎቅ ወጣች። ማመስገን አልለመደባትም፤ ደረጃው ላይ ሦስት ዓይነት አረፍተ ነገር አዘጋጅታ ሦስቱንም ጣለቻቸው።

«እማማ ኢክራም፣ አስመሳይ ብዬዎት ነበር።»

«ሰምቼሻለሁ። ልክ ነበርሽ።» ፊታቸው የደከመ ነው። «ልጅቱስ?»

«ገባች። ሰረዙላት። እኔ ምን ብዬ…»

«አልሐምዱሊላህ። በቃ፤ ሌላ ምንም አትበይ።»

«እሁድስ? ሽማግሌዎቹ?»

እማማ ኢክራም የበሩን እጀታ በሻርፓቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ። «ደውለው ነበር። ሰምተናል አሉኝ። ምን እንደሰሙ እኔም አልጠየቅሁ፣ እነሱም አልነገሩኝ። ለማንኛውም መጥተን እናያለን አሉ። መጥቶ አይቶ መመለስም አለ እኮ። የልጅ ልጄ ከትናንት ጀምሮ አልበላችም።»

«ምን ላድርግልዎ?»

«ምን ታደርጊያለሽ? የተናገርኩት እንደሆነ አይመለስም። ሂጂ፣ ልጅሽን ያዢ።»

ንጋቷ ወረደች። አሥረኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። ከዚያ ቀጣዩን። እስከ ምሽት ሃምሳ ሦስት ቤት አዳረሰች። በየበሩ የምትናገረው አንድ ዓይነት ነገር ነበር፤ በየበሩም መጀመሪያ የሚመለስላት «ለማላውቀው ሰው? በገዛ በሬ ላይ ቆሜ?» የሚል ነበር።

እሁድ እሁድ ሊፍት አይሠራም። ሽማግሌዎቹ አምስት ነበሩ። መሪያቸው ሐጂ ሙዓዝ ከሰማንያ ያለፉ፣ በከዘራ የሚሄዱ ሰው ናቸው። አንደኛ ፎቅ ላይ አያ ማክቤል ኮት ለብሰው በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ማክቤል እባላለሁ። እኔ ቤት ትኋን አለ።»

«እ?» አሉ ሐጂ ሙዓዝ።

«ትኋን። ብዙ። ይለፉ፣ ወደ ላይ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያይተው አለፉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አምስት ሰው በአምስት በር ቆሟል። «እኛ ቤት አለ።» «እኛም ቤት አለ፤ ሁለት ዓመታችን ነው።» «እኛም።» አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሙሽራ የባሏን እጅ ይዛ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ «እኛ ቤት በአልጋው ብቻ ሳይሆን በሶፋውም አለ» አለች። አምስተኛ ፎቅ ላይ ወይዘሮ ብሌን ያመሰገኗት ያች ሴት «እኔ ቤትማ ከሁሉም ይብሳል!» ብላ ጎረቤቷን በፉክክር ዓይን አየቻት። ሐጂ ሙዓዝ እየወጡ «ሱብሃነላህ» ይላሉ፤ ስድስተኛው ላይ ግን ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ።

ሰባተኛ ፎቅ ሲደርሱ ንጋቷና ማራኪ በራቸው ላይ ነበሩ።

«እኛ ቤት ትኋን አለ» አለች ንጋቷ። ስታዘጋጀው የቀለላት ቃል በራሷ በር ላይ ሲነገር ከበዳት።

«እኔን በልተውኝ ነበር» አለች ማራኪ፣ እጅጌዋን ሰብስባ። «አሁን እየቀነሰ ነው። እማማ ኢክራም ናቸው የት እንደተደበቁ ያሳዩት። ማንም አላወቀም ነበር።»

ሐጂ ሙዓዝ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ለትንፋሽ መስሏቸው ሰዎቹ ሊደግፏቸው ጎንበስ ሲሉ፣ ሽማግሌው ድምፅ አውጥተው ይስቁ ነበር። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እኛ ቤት የሌለ መስሏቸው ነው እንዴ?» አሏቸው ባልንጀሮቻቸውን።

«ተው ሐጂ፣ ይሰማሉ» አለ አንደኛው።

«ይስሙ! እነሱ ሲናገሩ እኛ ምን ቤት ነንና እንደብቃለን?» ተነሡ፤ ከዘራቸውን ለማራኪ ሰጥተው እጅጌው የተሰበሰበውን እጇን ያዙ። «ነይ፣ አንቺው ምሪን።»

የቀረውን አራት ፎቅ ተከራዩ ሁሉ እየተከተላቸው ወጡ። ንጋቷ ከኋላ ነበረች። እማማ ኢክራም የእግር ኮቴውን ሰምተው በራቸውን ከፍተው ቆመዋል። የሚመጣው አምስት ሰው መስሏቸው ነበር። ደረጃው እስከ ታች በጎረቤት ጭንቅላት ተሞልቶ ሲያዩ እጃቸው በሩ ላይ ቀረ።

«ኢክራም» አሉ ሐጂ ሙዓዝ እየተነፈሱ፣ «ልጅ ልንጠይቅ ነበር የመጣነው። ሰዎችሽ ግን እስከ አሁን ደረጃ ላይ አቆሙን። ሃምሳ አራት ቤት አለፍን፤ ሃምሳ አራቱም ያለበትን ነገረን። በሕይወቴ እንዲህ የተመሰከረለት ቤት ልጠይቅ ሄጄ አላውቅም። አሁን እንግባ ወይስ አንቺም የምትነግሪን አለሽ?»

እማማ ኢክራም ወደ ደረጃው ተመለከቱ። ዓይናቸው ከአንዱ ጎረቤት ወደ ሌላው ሄደ፤ አያ ማክቤል ላይ፣ አምስተኛ ፎቋ ሴት ላይ፣ ከዘራ የያዘችው ማራኪ ላይ፣ በመጨረሻ ንጋቷ ላይ ቆመ። ንጋቷ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጣሪያውን አየች።

«ጫማችሁን እዚያው አውልቁ» አሉ እማማ ኢክራም ከበሩ ፈቀቅ ብለው። «አሁን ነው የጠረግሁት።»